«ሰሃን ይዘሽ ነይ»

ሰላም ጎበዝ። ዛሬ የማነሳው ቃል «ፕሌት» ነው። ሰሃን ማለት ነው፣ ምን አዲስ ነገር አለው እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም እንደዚያ ነበር ያልኩት።

ሜልበርን በመጣሁ በሦስተኛው ወር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቅዳሜ ቤቷ ጠራችን። የላከችው መልእክት መጨረሻ ላይ «ብሪንግ ኤ ፕሌት» ይላል። ሰሃን ይዘሽ ነይ። እውነቴን ነው፣ ምንም አልገረመኝም። አገር ቤት ድግስ ሲኖር ሰሃኑ ከጎረቤት፣ ብርጭቆው ከእድር አይደል የሚመጣው? እንግዳ በዝቶባት ዕቃ አንሷት ነው ብዬ፣ አንድ ብቻ መያዙም ቅር ብሎኝ፣ ያሉኝን ስድስት ነጫጭ ሰሃኖች አጥቤ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ እንዳይሰበሩ ባቡር ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሄድኩላችሁ። በሩን የከፈተው ባሏ ነው። ፎጣውን ገለጥ አድርጎ አየ። ከዚያ እኔን አየ። «ደስ የሚሉ ሰሃኖች ናቸው» አለኝ፣ ጨዋ ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ ሰላጣ የያዘ ሰሃን፣ ኬክ የያዘ ሰሃን፣ ሳንድዊች የያዘ ሰሃን ተደርድሯል። ባዶ የእኔ ብቻ።

ለካ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ «ሰሃን ይዘሽ ነይ» ማለት ሁሉም የሚቀምሰው ምግብ ሠርተሽ ነይ ማለት ነው። አሜሪካኖች «ፖትላክ» የሚሉት ዓይነት ግብዣ ነው። በኋላ ለሰው ሳወራ ግን ትንሽ ተጽናናሁ። ከሌላ አገር የመጣ ሰው ባዶ ሰሃን ይዞ መሄዱ እዚህ የታወቀ ቀልድ ነው።

እኔ የማላውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ብዙም አስቸግሮኝ አያውቅም። «ካፕሲከም» ሲሉኝ ምንድነው ብዬ ጠየቅኩ፣ ያ ትልቁ የማያቃጥለው ቃሪያ ሆኖ አገኘሁት፣ አለቀ። ጉድ የሚሠራኝ አውቀዋለሁ ያልኩት ነው። አውቀዋለሁ ያሉትን ማን ይጠይቃል? እስቲ እናንተስ ባላችሁበት አገር የትኛው ቃል ነው የሸወዳችሁ?

ከሊድስ፣ እንግሊዝ፦

እህቴ፣ ስድስቱ ሰሃን ገደለኝ። እኔን የሸወደኝ «ቲ» ነው። ሻይ! ጎረቤቴ የሆኑ ሽማግሌ በ5 ሰዓት ለቲ ና አሉኝ፣ በእኛ 11 ሰዓት መሆኑ ነው። ለሻይ ነው ብዬ ቤቴ ጥብስ በእንጀራ ጥርቅም አድርጌ በልቼ ሄድኩ። ስገባ ቢላና ሹካ ተዘርግቷል። መጣ እንግዲህ፦ በሥጋ የተሞላ ፓይ፣ የተፈጨ ድንች፣ አተር፣ በላዩ ላይ ቡናማ ስጎ። ሽማግሌው ከጠዋት ጀምረው ሲሠሩ ነው የዋሉት፣ እምቢ አይባል ነገር። በላሁ። እንዴት እንደበላሁ አትጠይቁኝ።

በሰሜን እንግሊዝ ለብዙ ሰው ቲ የማታ ራት ነው። «ዲነር» ደግሞ ምሳ። ወደ ደቡብ ስትወርድ ዲነር ራት ይሆንና ቲ ወደ ሻይነቱ ይመለሳል። ግን እዚያም ቢሆን ለተማሪዎች ምሳ የሚያቀርቡትን ሴቶች «ዲነር ሌዲስ» ነው የሚሏቸው። አንድ ልጨምር፣ «ሃይ ቲ» የሚባለውን ብዙ ሰው የባለጸጎች ነገር ይመስለዋል፣ የውጭ አገር ሆቴሎችም እንደዚያ አድርገው በውድ ይሸጡታል። ዱሮ ሠራተኛው ከሥራ ሲገባ የሚበላው ጠንከር ያለ ምግብ ነበር። የባለጸጎቹ «አፍተርኑን ቲ» ነው፣ ትንንሽ ሳንድዊችና ኬክ ያለው።

ከአትላንታ፦

እዚህ ደግሞ ሻይ ብለሽ ብታዢ በረዶ የሞላበት ትልቅ ብርጭቆ ነው የሚቀርብልሽ፣ ስኳሩ ጥርስ የሚነቅል። ትኩስ ከፈለግሽ ትኩስ ብለሽ መናገር አለብሽ።

የእኔ ግን ይብሳል፣ ብስኩት ነው። ቁርስ ቤት ገብቼ ሜኑው ላይ «ቢስኬትስ ኤንድ ግሬቪ» የሚል አየሁ። ብስኩት ከልጅነቴ የማውቀው ነው፣ ሻይ ውስጥ ነከር የሚደረገው። ግሬቪውን ማር ነገር ይሆናል ብዬ አለፍኩት። የመጣልኝ ትኩስና ለስላሳ ዳቦ ለሁለት ተከፍሎ፣ በላዩ ነጭ ገንፎ የመሰለ ነገር ፈሶበት። ገንፎው ውስጥ ጥቁር በርበሬና የሥጋ ፍርፋሪ አለ። ምን ሥጋ ነው ስላት አስተናጋጇ «ሶሴጅ፣ ማሬ» አለችኝ። የምን ሶሴጅ? የአሳማ። ሒሳቤን ከፍዬ በቡና ብቻ ወጣሁ።

እኔ እንደገና፦

ብስኩቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ቃሉ ራሱ ያስቃል። ከጥንት ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ ትርጉሙም ሁለት ጊዜ የበሰለ ማለት ነው። ዱሮ ለመርከበኛ ስንቅ እንዲሆን እየደጋገሙ ያደርቁት ነበር። የአትላንታው ለስላሳ ዳቦ አንዴ ብቻ ነው የሚጋገረው። እንግሊዞች ብስኩት የሚሉትን አሜሪካኖች «ኩኪ» ይሉታል። ኩኪ ደግሞ ከደች ቋንቋ የተወሰደ ነው፣ ትንሽ ኬክ ማለት፤ ኒውዮርክ ኒው አምስተርዳም ትባል በነበረበት ዘመን ደቾች ይዘውት ከመጡት ቃላት አንዱ ነው።

እንግሊዞች ደግሞ ብስኩት ምንድነው ብለው ችሎት ቆመዋል፣ አልቀለድኩም። ጃፋ ኬክ የምትባል በላይዋ ቸኮሌት፣ በመሐሏ የብርቱካን ጄሊ ያለባት ትንሽ ክብ ነገር አለች። በአገሪቱ ሕግ ኬክ ቫት አይከፈልበትም፣ ቸኮሌት የተቀባ ብስኩት ግን ይከፈልበታል። ግብር ሰብሳቢው ብስኩት ናት አለ፣ አምራቹ ማክቪቲስ ኬክ ናት አለ። በፈረንጆቹ 1991 ላይ ኬክ ናት ተብሎ ተፈረደ። ከመከራከሪያዎቹ የወደድኩት ይሄ ነው፦ ኬክ ሲቆይ ይደርቃል፣ ብስኩት ሲቆይ ይለሰልሳል፣ ጃፋ ኬክ ስትቆይ ትደርቃለች። በዚህ ሕግ የእኛ ድፎ ዳቦም ኬክ ሊሆን ነው።

ከጆሃንስበርግ፦

እኔ ምግብ አይደለም የሸወደኝ፣ ወይም ምግብም ነው። ሱቅ ነው የምሠራው። መጀመሪያ መንገድ ስጠይቅ «ሮቦቱ ጋ ስትደርስ ወደ ግራ ታጠፍ» አሉኝ። ሮቦት ፍለጋ ሦስት መስቀለኛ መንገድ አለፍኩ። የትራፊክ መብራት ነው ለካ።

ለስላሳ መጠጥ «ኩልድሪንክ» ነው። ድንች ጥብስ «ስላፕ ቺፕስ» ነው፣ ስላፕ በአፍሪካንስ ልፍስፍስ ማለት ነው፣ እንግሊዝኛው ጥፊ አይደለም። «ባኒ ቻው» ሲሉህ ጥንቸል እንዳይመስልህ፣ ውስጡ የተቦረቦረ ዳቦ በወጥ ሞልተውት ነው፣ የደርባን ሕንዶች ሥራ። ከሁሉ የከፋው «ጀስት ናው» ነው። አንድ ደንበኛ ዳቦና ኩልድሪንክ ወስዶ «ጀስት ናው እከፍልሃለሁ» አለኝ። አሁኑኑ ማለት መስሎኝ ቆሜ ጠበቅኩት። እዚህ አገር «በኋላ፣ አንድ ጊዜ» ማለት ነው። ፈጠን ያለው «ናው ናው» ነው። ሰውዬው እስካሁን አልመጣም።

እኔ፦

ቺፕስን ማንም ሳያነሳው እንዳይቀር። ለንደን ቺፕስ ብትሉ ወፈር ያለ ትኩስ ድንች ጥብስ ነው፣ የታሸገው «ክሪስፕስ» ይባላል። አሜሪካ ቺፕስ የታሸገው ነው፣ ትኩሱ «ፍራይስ»። አውስትራሊያ ሁለቱም ቺፕስ ነው፣ መለየት ካስፈለገ ለትኩሱ «ሆት ቺፕስ» ይላሉ። አዲስ አበባም ያው ነን፣ መንገድ ዳር በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውም በላስቲክ የታሸገውም ቺፕስ ነው።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከዋሽንግተን ልትጠይቀኝ መጥታ ሬስቶራንት ወሰድኳት። ሜኑው ላይ «ኦንትሬ» የሚለውን አየችና «ዋጋው እንዴት ርካሽ ነው!» ብላ ተደሰተች። አሜሪካ ኦንትሬ ዋናው ምግብ ነው። እዚህ አፍ ማሟሻ ነው። እፍኝ የማትሞላ ሰላጣ ላይ ሦስት ቁራጭ ዶሮ መጣላት። ቀና ብላ «ሌላው የታለ?» አለችኝ። በፈረንሳይኛ መግቢያ ማለት ስለሆነ እኔ ለአውስትራሊያዎቹ ነው የምፈርደው፣ እሷ ግን እስክትመለስ ድረስ አልተቀበለችኝም።

ከሊድስ፦

ሰሃኖቹስ ምን ሆኑ?

እኔ፦

በእነሱ ኬክ በላንባቸው። አምስቱን ሰኞ ቢሮ አመጣችልኝ። አንዱ እዚያው ቀርቷል፣ ለመጠየቅ አፈርኩ።