ይሄ ኔቡላ ፈረስ ነው ወይስ በቅሎ?

የሱሉልታዋ
ሰላም ቤተሰብ። ሱሉልታ ነው የምኖረው። መብራት ሲጠፋ ደጅ ወጥቼ ሰማይ ማየት ለምዶብኛል። ባለፈው የፈረስ ራስ የሚሉትን ኔቡላ (በኮከቦች መካከል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና) ፎቶ ለእናቴ ባሳያት፣ "የምን ፈረስ? በቅሎ ናት እንጂ!" ብላ ድርቅ አለች። ለመሆኑ እነዚህን ስሞች የሚያወጣ ኮሚቴ አለ? ከኛ ሰፈርስ በባይኖኩላር ይታያል?

ኮከብ ቆጣሪ ያልሆነው
ኮሚቴ የለም። አንዱ ያየውን ይናገራል፣ ሌላው ከወደደው ስሙ ይጸድቃል። መዝገብ ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ ያንቺው ፈረስ ባርናርድ 33 ይባላል። በ1888 እ.ኤ.አ. ሃርቫርድ ውስጥ ዊሊያሚና ፍሌሚንግ የተባለች ሴት በመስታወት ላይ የተነሣ የሰማይ ፎቶ ስትመረምር አገኘችው። ጥቁር አቧራ ነው። ከኋላው የሚያበራውን ጋዝ ስለሚጋርድ ነው ቅርጹ የሚወጣው።

እኔን የሚያስቀኝ ግን የሸርጣን ኔቡላ ነው። ሎርድ ሮስ የሚባል የአየርላንድ ባላባት በ1840ዎቹ በቴሌስኮፑ አይቶ ሲስለው እግሩ የበዛ ነገር ወጣው። በኋላ በጣም ትልቅ ቴሌስኮፕ አሠርቶ ቢያየው ሥዕሉን አልመስል አለ። ስሙ ግን በዚያው ቀረ! ስለዚህ እናትሽ መብታቸው ነው።

ሰንዳፋ ማታ
በባይኖኩላር ፈረሱን እርሺው፣ ካሜራ ይፈልጋል። ኦሪዮን በሚባለው የኮከቦች ስብስብ ውስጥ ያለውን የኦሪዮን ኔቡላ ሞክሪ። ታኅሣሥ ላይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ በምሥራቅ በኩል የኦሪዮን ቀበቶ የሚባሉት ሦስት ኮከቦች ከላይ ወደ ታች ተደርድረው ታያለሽ። በስተቀኛቸው ጭጋግ የመሰለችው እሷ ናት። እንደ ፎቶው ቀይና ሮዝ አትጠብቂ፣ ለዓይን ግራጫ ናት።

ደግሞ እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ኦሪዮን የሚወጣው በጎኑ ተጋድሞ ነው። ያኔ እዚያው ኦሪዮን ውስጥ ያለው፣ በባይኖኩላር የማይታይሽ ፈረስ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ቆሟል። ሊነጋ ሲል በምዕራብ ሲገባ ደግሞ በአናቱ ተዘቅዝቋል።

አቦል
ኮሚቴ የሚገባበትም አለ እኮ። በ2019 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የአስትሮኖሚ ኅብረት ለየአገሩ አንድ አንድ ኮከብ ከነፕላኔቱ ስም እንዲያወጣለት ሰጥቶ ነበር። የኛ ኮከብ ቡና ተባለ፣ ፕላኔቱ አቦል። የኔም ስም ከዚያው ነው።

የሱሉልታዋ
አመሰግናለሁ! ባይኖኩላሬ 10 በ50 ነው (10 እጥፍ ያጎላል፣ የፊት መስታወቱ 50 ሚሊሜትር ነው)። ይበቃል?

ሰንዳፋ ማታ
ይተርፋል። ክንድሽን አጥሩ ላይ አስደግፊ፤ እጅ ሲንቀጠቀጥ ኮከቡም እስክስታ ይወርዳል።