የልብ ቀዶ ሕክምና አድርገው ወሎ ለተመለሱ ልጆች፦ የልብ ምት መዛባት የጋራ ረቂቅ (የዕቅድ ውይይት)

አስተባባሪ፣ ደሴ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ሁለተኛው ረቂቅ ደርሷችኋል፣ እዚሁ እናርመው። ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው አዲስ አበባ ነው፤ ልጁ የሚኖረው ግን ሐይቅ፣ መርሳ ወይም ከሚሴ ነው። ከወራት በኋላ ልቡ ሲሮጥበት ወይም ራሱን ሲስት የሚመጣው እኛ ዘንድ ነው። ረቂቁ የመነሻ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ በወረቀት ላይ የሚነሣበት ምርመራ)፣ የድንገተኛ ሣጥንና የሪፈር ዝግጅት ይጠይቃል። ምን ይጨመር፣ ምን ይውጣ?

የሕፃናት ሐኪም፣ ደሴ፦ የመነሻ ኢሲጂውን ከሁሉ አስቀድሙልኝ። በታችኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ያለ ቀዳዳ የተደፈነለት ወይም የፋሎት ቴትራሎጂ (አራት ጉድለቶች አብረው የሚገኙበት የልብ ሕመም) የተስተካከለለት ልጅ ብዙ ጊዜ የቀኙ የኤሌክትሪክ ቅርንጫፍ ተዘግቶ ነው የሚወጣው፤ ኪውአርኤሱ፣ ማለትም በኢሲጂ ላይ የታችኞቹን ክፍሎች ምት የሚያሳየው ሞገድ፣ ሰፊ ይሆናል። ይህ ልጅ ልቡ በደቂቃ 210 እየመታ ቢመጣ፣ ሰፊው ሞገድ የቀዶ ሕክምናው ቅሪት ይሁን ወይስ ከታችኛው ክፍል የተነሣ አደገኛ ምት፣ በዓይን አይለይም። የድሮው ወረቀት ካለ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ቅርጹን ማስተያየት ነው። ከሌለ አደገኛው ነው ብለን እናክማለን። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የሚወጣ ልጅ ሁሉ ኢሲጂው እጁ ላይ ይኑር።

ነርስ፣ ወልድያ፦ ዶክተር ባሉት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር፦ «ደረቱ መሐል የቀዶ ጠባሳ ያለው ልጅ ራሱን ከሳተ፣ ኢሲጂ ሳይነሣ የሚጥል በሽታ ነው አይባል።» የልብ የኤሌክትሪክ መተላለፊያው ተዘግቶ አንጎሉ ደም ያጣ ልጅም ይንቀጠቀጣል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ተጽፎለት ቤቱ ከገባ ቀጣዩ መውደቅ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። ከቀዶው በኋላ ለጥቂት ቀን ተዘግቶ የተመለሰለት ልጅ ዘግይቶም ሊዘጋበት ስለሚችል፣ ያ ነገር በመውጫ ወረቀቱ ላይ በጉልህ ይጻፍ።

ባዮሜዲካል ባለሙያ፣ ደሴ፦ ስለ ወረቀቱ ላስጠንቅቅ። የኢሲጂ ወረቀት በሙቀት የሚጻፍ ስለሆነ ፀሐይና ሙቀት ያደበዝዘዋል። ይጠበቅ ብሎ በላሚኔት ማሽን የሚያሳልፈው ሰው ደግሞ ጥቁር ወረቀት ይዞ ይቀራል። መጀመሪያ ፎቶ ኮፒ፣ ከዚያ ኮፒው ላሚኔት ይደረግ። ሲነሣ ፍጥነቱ በሰከንድ 25 ሚሊ ሜትር፣ ከፍታው ለ1 ሚሊ ቮልት 10 ሚሊ ሜትር፣ ማጣሪያው 150 ኸርዝ ይሁን። ማጣሪያው 40 ላይ ከተተወ የፔስሜከሩ (ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታው መሣሪያ) ቀጭን ምልክት ሊጠፋ ይችላል፤ የሚሠራው ፔስሜከር ቆሟል ይባላል።

የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፣ ኮምቦልቻ፦ ጄት የምንለውን፣ ከላይኞቹና ከታችኞቹ የልብ ክፍሎች መጋጠሚያ የሚነሣውን ፈጣን ምትስ ለምን አናስገባም? ልጁን ወደ 35 ዲግሪ ማቀዝቀዝ፣ የልብ ምት የሚያረጋጋውን መድኃኒት አሚዮዳሮን መስጠት ይጻፍ።

የሕፃናት ሐኪም፣ ደሴ፦ ዶክተር፣ ሕክምናው ልክ ነው። ነገር ግን ጄት የሚነሣው ከቀዶው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 3 ቀናት ገደማ፣ ልጁ ገና አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) እያለ ነው። እኛ ጋ የሚደርስበት ዕድል ጠባብ ነው። ለሥልጠና ይቆይ፣ ከበጀቱ ይውጣ። ገንዘቡ ፈጣን ምት የሚያቆመው መድኃኒት አዴኖሲን ላይና የውጭ ፔስ የሚያደርግ፣ ማለትም በቆዳ ላይ ሆኖ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታ ዲፊብሪሌተር ላይ ይዋል።

ፋርማሲስት፣ ደሴ፦ አዴኖሲን ላይ የሚሳሳተው መጠኑ ነው። ብልቃጡ በ1 ሚሊ ሊትር 3 ሚሊግራም ይይዛል፤ የመጀመሪያው መጠን በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ነው። ለ5 ኪሎ ሕፃን 0.17 ሚሊ ሊትር ማለት ስለሆነ በሲሪንጅ ለመለካት ያስቸግራል። 1 ሚሊ ሊትሩን በ2 ሚሊ ሊትር ኖርማል ሳላይን ብናቀጥነው በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊግራም ይሆናል፤ ሕፃኑ 0.5 ሚሊ ሊትር ይወስዳል። ካልሠራ በኪሎ 0.2 ሚሊግራም። ሌላው የፈጣን ምት መድኃኒት ቬራፓሚል ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ሣጥኑ ውስጥ ባይኖር እመርጣለሁ፤ የደም ግፊቱን ጥሎ ልብ ሊያቆም ይችላል።

የድንገተኛ ክፍል ሐኪም፣ ኮምቦልቻ፦ ተስማምቻለሁ፣ ጄት ይውጣ። አዴኖሲኑ ግን ደም ውስጥ የሚቆየው ከ10 ሰከንድ ያነሰ ነው፤ በእጅ ጀርባ ቀጭን መስመር ከተሰጠ ልብ ሳይደርስ ያልቃል። በክርን መታጠፊያ ያለ መስመር፣ ባለ ሦስት መንገድ ቧንቧ፣ በአንዱ መድኃኒቱ፣ በሌላው 5 ሚሊ ሊትር ሳላይን፣ ተከታትለው በአንድ ትንፋሽ። ወረቀቱ እየሮጠ ይሰጥ፤ ምቱ ባይቆም እንኳ ለአፍታ ሲዘገይ ከሥር የተደበቀው የላይኛው ክፍል ሞገድ ይታያል። ልጁ ግፊቱ ከወረደ ግን መርፌ አንጠብቅም፦ ከምቱ ጋር የተቀናጀ የኤሌክትሪክ ንዝረት፣ በኪሎ ከ0.5 እስከ 1 ጁል፣ ካልሆነ 2።

ዘገምተኛው ምት ላይም አንድ ነገር፦ ከቀዶ በኋላ ለተዘጋ መተላለፊያ አትሮፒን ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ እሱን ደጋግመን ጊዜ እንዳናቃጥል። የውጭ ፔስ ስናደርግ የልብ ትርታ ከብሽሽት ይዳሰስ፣ ከአንገት አይሁን። የአንገት ጡንቻ ከፔሱ ጋር እየነጠረ ትርታ ያለ ያስመስላል።

ነርስ፣ ወልድያ፦ የልብ መድኃኒቱን ዳይጎክሲንና ሽንት የሚያበዛውን ላሲክስ አብረው የሚወስዱ ልጆች አሉን። ላሲክሱ ፖታሲየም ሲያወርድ የዳይጎክሲኑ መርዛማነት ይጨምራል። በየቀጠሮው ፖታሲየም ይለካ የሚል ይግባ። ልጁ ማስታወክ ከጀመረና ትርታው ከቀነሰ እናቲቱ ቀጣዩን መጠን ሳትሰጥ ትምጣ።

አስተባባሪ፣ ደሴ፦ ሁሉም ገብቷል፣ አብሽሩ። የሪፈሩ ነገር ቀርቷል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣርማ በርን አቋርጦ የሚሄድ አምቡላንስ በመንገድ ላይ ፔስ እያደረገ ባትሪው ሊያልቅ ይችላል። ባዮሜዲካል ወንድማችን፣ አንዱ ባትሪ ፔስ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለክተው እስከ ቅዳሜ ይንገሩን፤ የመለዋወጫውን ቁጥር በእሱ ልክ እጽፋለሁ።