ክርክር፦ ለሊበን ሜዳዋ ወፍ ካሎ ይስፋ?

የ4 ኪሎ ተማሪ፦ ፒያሳ ማኪያቶ ላይ የጀመርነውን እዚህ እንጨርሰው። ነገሌ ቦረና አጠገብ ሊበን ሜዳ ላይ መሬት ላይ ጎጆ የምትሠራ ላርክ የምትባል ትንሽ ወፍ አለች። በ2009 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ቁጥሯን ከ90 እስከ 256 ገመተ። ዝም ከተባለ በአፍሪካ ዋና ምድር መጥፋቷ የተመዘገበ የመጀመሪያዋ ወፍ ልትሆን ትችላለች አለ። እኔ ካሎው፣ ማለትም ከግጦሽ ተከልሎ የሚቆየው ሣር መሬት፣ ይስፋ ባይ ነኝ።

የፒያሳ ልጅ፦ ከ90 እስከ 256? ቆጠራ ነው ሎተሪ? በዚህ ነው የሰው ግጦሽ የሚታጠረው?

የ4 ኪሎ ተማሪ፦ ወንዱ እየበረረ ስለሚዘምር ይታያል። ሴቷ ሣር ውስጥ ናት፤ እግርህ ሥር ብር ካላለች አታገኛትም። ስለዚህ በመስመር እየተሄደ የታዩት ይመዘገባሉ፤ ከርቀታቸው ተነስቶ ያመለጡት ይሰላሉ። ውጤቱ በሚስማማት ሣር ስፋት ይባዛል። እንዲያውም አንድ ቁርጥ ያለ ቁጥር የሚነግርህን ነው መጠርጠር!

ጋሽ ሒሳብ፦ እኔን የማይዋጥልኝ ሌላ ነው። ወንዶቹ ከሴቶቹ ከበዙ፣ በዘማሪ ወንድ የተሰላው ቁጥር ጥንዶቹን ያበዛል። ያኔ ነገሩ ከተባለውም ይብሳል።

የፒያሳ ልጅ፦ እሺ ጋሼ፣ ግን በጥቂት ዓመት ትጠፋለች የተባለችው ዛሬም አለች እኮ።

የ4 ኪሎ ተማሪ፦ ስሌቱ «እንዲህ ከቀጠለ» ነው የሚለው። ካሎ ሲመጣ ግን አልቀጠለም።

የነገሌ ልጅ፦ እዚያ ያደግኩ ነኝና ልግባበት። ካሎ ለወፍ ተብሎ የመጣ ነገር አይደለም። ቦረና ለጥጃና ለደከመ ከብት የበጋ ሣር የሚያቆይበት የቆየ ሥርዓት ነው። የወፏን ቦታ ያጠበበው ደግሞ ከብት ብቻ አይደለም፤ ማረሻና ቁጥቋጦም አለ። ድሮ አርብቶ አደሩ ሣሩን እያቃጠለ ቁጥቋጦውን ይገታ ነበር። በደርግ ጊዜ ማቃጠል ተከለከለ፣ ቁጥቋጦው ወረሰው። ካሎው ውስጥ ወፏ ከውጪው በርክታለች፣ አልክድም። ግን ሣሩ ከልክ በላይ ሲረዝምም አትወደውም። ከብት ጭራሽ የማይገባበት አጥር ለሷም አይበጅም። የኔ ጥያቄ፣ ድርቅ ሲመጣ በሩን የሚከፍተው ማነው?

የ4 ኪሎ ተማሪ፦ ማኅበረሰቡ ነዋ።

የነገሌ ልጅ፦ የትኛው? ሃምሳ ላም ያለው ወይስ ሁለት ያለው? ስንት ከብት፣ በየትኛው ወር፣ የማን ቀድሞ እንደሚገባ ይጻፍ። ከዚያ ካሎው ይስፋ በሉኝ፣ እኔም እፈርማለሁ።