«ጨረር አይደለም፣ ስርጭት ነው» ላሉን ኢንጂነር

የብሎክ 14 ነዋሪ፦ ቅዳሜ የኮንዶሚኒየማችን ስብሰባ ነበር። ጣሪያችን ላይ የሞባይል አንቴና ሊተከል ነው። አንዲት እናት «ጨረሩ ልጆቹን አይጎዳም ወይ?» ብለው ጠየቁ። የመጣው ኢንጂነር ፈገግ ብሎ «እማማ፣ ይሄ ጨረር አይደለም፣ ስርጭት ነው» አላቸው። ሰው አጨበጨበ! የተናደድኩት እኔ ብቻ ነኝ?

ሽቦ ቆራጩ፦ አዎ፣ ብቻህን ነህ። ጨረር ራጅ ነው፣ ቼርኖቤል ነው። ከስልክ ጋር ምን አገናኘው?

መምህር ነኝ፦ አገናኘው እንጂ። አንቴናው ውስጥ ኤሌክትሮኖች ወዲያ ወዲህ ሲሉ ኃይሉ ከብረቱ ተላቆ ይወጣል። ያ ነው ጨረር። ከወጣ በኋላ ያለው ጉዞ ስርጭት ነው፦ ግድግዳ ላይ ይነጥራል፣ በሕንፃ ጠርዝ ይታጠፋል፣ እየራቀ ይደክማል። ሰውየው እኮ «ይሄ መውለድ አይደለም፣ ማደግ ነው» ነው ያለው!

ሽቦ ቆራጩ፦ እንግዲያው የከሰል ምድጃም ጨረር አለው በለና።

መምህር ነኝ፦ አለው! ፊት ለፊቱ ስትቀመጥ ቅልጥምህን የሚለበልብህ ምን መሰለህ? መጠየቅ የነበረበት «ምን ዓይነት ጨረር?» ተብሎ ነው። ራጅ ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን ይነቅላል። የሞባይሉ የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ያ አቅም የለውም፤ በደንብ የሚታወቀው ሥራው ማሞቅ ነው። እንዲህ ቢላቸው እማማ አይገባቸውም ነበር?

አራዳው፦ እኔ ስርጭት ሲባል የሚታየኝ የወባ ስርጭት ነው። ማረጋጊያ ተብሎ የተመረጠ ቃል!

የድሮ አድማጭ፦ ልጆች፣ በደርግ ጊዜ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብተን ዶይቼ ቬለን እንሰማ ነበር። በአጭር ሞገድ ቀን የሚያንቋርር ጣቢያ ማታ ጥርት ይላል። አንቴናው ያው አንቴና፣ የሚለቀውም ያው። የተለወጠው መንገዱ ነው። ከምድር በላይ ርቆ ያለው፣ የሬዲዮ ሞገድ የሚያነጥረው የአየር ክፍል አዮኖስፌር ይባላል። ሲመሽ ሞገዱን የሚመጠው የታችኛው ንብርብሩ ይጠፋል፤ ከላይኛው ነጥሮ ይመጣልናል። እኔ ልዩነቱን የተማርኩት ከሬዲዮዬ ነው።

ሽቦ ቆራጩ፦ ጋሼ፣ ትዝታዎን አከብራለሁ። ግን ለሕዝብ ሲነገር ቀለል ማድረግ ያስፈልጋል።

የብሎክ 14 ነዋሪ፦ ማቅለልና መሸወድ ለየቅል ነው።

ሰላም ለሁሉ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በፈረንጆቹ 2011 እኮ ይሄንን ሞገድ «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ምድብ አስገብቶታል። ስሙን ስለቀየራችሁት ይጠፋል?

መምህር ነኝ፦ እዚያው ምድብ ውስጥ የእስያ አትክልት ኮምጣጣም አለ። «ሊያመጣ ይችላል» ማለት «ያመጣል» ማለት አይደለም። ደግሞ አንቴናው ወደ ፊት ነው የሚያየው። ዋናው ጨረር ቁልቁል ጣሪያችሁ ላይ አይወርድም፤ ፊት ለፊት ይሄዳል።

የብሎክ 15 ሰው፦ ቆይ፣ ቆይ። ፊት ለፊት ያለነው እኛ ነን እኮ! ስብሰባውን ማን ጠራን?

መምህር ነኝ፦ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርስባችሁ ሩብ ይሆናል፣ ወንድሜ።

የብሎክ 15 ሰው፦ የጣሪያው ኪራይስ? ሩቡ ይደርሰናል?

አራዳው፦ እሱ ጨረርም ስርጭትም የለውም። ኮሚቴው ኪስ ገብቶ ይቀራል።

ሽቦ ቆራጩ፦ ኮሚቴውን አትንካ! ያለ እነሱ ውሃ ታገኝ ነበር?

የብሎክ 14 ነዋሪ፦ ኧረ ወደ ነገሩ እንመለስ! «ጨረር አይደለም» ብሏል ወይስ አላለም?

ሽቦ ቆራጩ፦ ብሏል። ልክ ነው።