የ5 ሳምንት ዳክዬያችን ድንገት መቆም አቃታት፣ እባካችሁ የምታውቁ

የጥጤ ቤት፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ዶሮ የምታረቡ ብዙ ስለሆናችሁ ዳክዬ የሚያውቅም አይጠፋም ብዬ ነው የምጽፈው። ጭንቅ ላይ ነኝ።

ከአንድ ወር በፊት ለልጄ አጎቱ ከቢሾፍቱ ሁለት የዳክዬ ጫጩቶች አመጣለት። አንዷ በሳምንቷ ሞተች። የቀረችውን ጥጤ አላት፣ ቢጫዋ ለቆ ነጭ ላባ ስታበቅል ጥጥ መሰለችው። አሁን 5 ሳምንቷ ነው። ከትምህርት ቤት ሲመጣ የበሩን ድምፅ ስትሰማ እየጮኸች ሮጣ ነበር የምትቀበለው።

ትናንት ማታ ደህና ነበረች። ዛሬ ጠዋት ካርቶኗን ስከፍት ልትነሳ ሞከረችና በጎኗ ወደቀች። እንደገና ተነሳች፣ ሁለት ሦስት እርምጃ ተንገዳገደች፣ ከዚያ በደረቷ ቁጭ አለች። አሁን በክንፎቿ እየተደገፈች ነው የምትሄደው። ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ ዐይኗ ንቁ ነው። የምትበላው የጫጩት መኖ ነው፤ ሲያልቅብኝ የተፈጨ በቆሎና ፉርሽካ ቀላቅዬ እሰጣታለሁ። ቤታችን ሴራሚክ ነው። ጎረቤት ግንባታ ስላለ ግቢ ስትውል ምን እንደምትለቅም አላውቅም። አንድ ክሊኒክ ደውዬ ዳክዬ አናይም አሉኝ። ልጄ ዛሬ ትምህርት ቤት አልሄድም ብሎ አጠገቧ ተቀምጧል።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፦
አይዞሽ እህቴ። መብላቷ ጥሩ ምልክት ነው። ግን የዳክዬ እግር ድንገት የሚከዳበት ምክንያት ብዙ ስለሆነ ምንም ነገር ከመግዛትሽ በፊት አሁኑኑ አይተሽ ንገሪኝ።

መጀመሪያ አንገቷን። ራሷን ቀና አድርጋ ከያዘች ደግ። አንገቷ እንደ ገመድ ከተልፈሰፈሰ፣ የዐይኗ ቆብ ከከበዳት፣ ክንፏም ከተንጠለጠለ ቦቱሊዝም ነው የምጠረጥረው። እሱ ከረጋና ከበሰበሰ ውሃ ወይም ጥንብ ላይ ካለ ትል የሚመጣ መርዝ ነው፣ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ እየወጣ ሽባ ያደርጋል፣ ለነገ የሚባል አይደለም። ኩሷስ? ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ፣ ከግንባታው ደግሞ ሽቦ ወይም ምስማር ለቅማ ከሆነ፣ የብረት መመረዝ ሊሆን ይችላል። ዳክዬ የሚያብለጨልጭ ነገር አይታ አታልፍም። ከዐይኗና ከአፍንጫዋ ፈሳሽ አለ? ራሷ ይንቀጠቀጣል? እንደዚያ ከሆነ ኢንፌክሽን ነው የምናስበው።

ከዚያ ሁለቱንም እግሯን በቀስታ ዳብሺ። አንዱ ብቻ ከሞቀ ወይም ካበጠ ወለምታ ወይም ስብራት ሊሆን ይችላል። ግቢ ውስጥ የአይጥ ወይም የጉንዳን መድኃኒት ተደርጎ ነበር? መኖውንም አሽትቺው። ዳክዬ ለሻጋታ መርዝ ከዶሮ ይልቅ ስስ ናት። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎችን (ተርኪ) የፈጀው የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነበር፣ የዳክዬ ጫጩቶችም አብረው አልቀዋል፣ አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የታወቀው በዚያ ሰበብ ነው። ስለዚህ ትንሽ እንኳ የሻገተ ሽታ ካለው ዛሬውኑ ድፊው።

የጥጤ ቤት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንገቷ ቀጥ ያለ ነው፣ ስጠራት ዞራ ታየኛለች። ኩሷ ቡናማ ነው፣ ነጭ ጣል ጣል ያለበት፣ እንደ ወትሮው። ፈሳሽ የለም። መርዝ አላስቀመጥንም። መኖው ደረቅ ነው፣ አይሸትም። እግሯን ስዳብሰው አልጮኸችም፣ ግን ሁለቱም ወደ ኋላ የሚታጠፉበት መገጣጠሚያ ላይ ወፈር ብለዋል፣ ሁለቱም እኩል። አሁን ልብ ስል ደግሞ እግሮቿ ወደ ውጭ ቀስት መስለዋል። ልጄ እንደሚለው ከ4 ቀን በፊት ጀምሮ ቶሎ ቶሎ ትቀመጥ ነበር፣ ደክሟት መስሎት ነው ያልነገረኝ።

ሽሮሜዳ ነኝ፦
እህት፣ እኔ 30 ዶሮ አለኝ፣ እንዲህ ሲሆኑ ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለውን የአንቲባዮቲክ ዱቄት ውሃ ውስጥ ነው የማደርገው፣ ሁሌም ያድናል። ቶሎ ግዥ፣ አትዘግዪ።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፦
ወንድሜ በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን እዚህ ላይ አይሆንም። ትኩሳት የለ፣ ፈሳሽ የለ፣ ተቅማጥ የለ። ለሁሉም ነገር ቴትራሳይክሊን መስጠት ትክክለኛውን ሕክምና ያዘገይብናል፣ በኋላ የምር ኢንፌክሽን ሲመጣም መድኃኒቱ አልሠራ ይላል።

እህቴ፣ ልጅሽ የነገረሽ ነገር ትልቅ ነው። እንግዲያው ድንገተኛ አይደለም፣ ድንገት የታየው መውደቋ ብቻ ነው። ሁለቱም እግር እኩል፣ መገጣጠሚያው የወፈረ፣ እግሩ የቀሰተ፣ የምግብ ፍላጎት ያለ፣ መኖው የዶሮ። ይሄ የናያሲን እጥረት ነው የሚመስለኝ፣ ማለትም ቫይታሚን ቢ3። የእንቁላል ዶሮ ጫጩት በአንድ ኪሎ መኖ 27 ሚሊግራም ገደማ ይበቃታል፣ የሥጋ ዶሮ 35፣ ዳክዬ ግን 55 ትፈልጋለች። ዶሮ ከፕሮቲን እየቀየረች የምትሠራውን ያህል ዳክዬ መሥራት አትችልም። በዚያ ላይ በቆሎ። በቆሎ ውስጥ ያለው ናያሲን አብዛኛው የታሰረ ስለሆነ ሰውነቷ አይጠቀምበትም። ነጭ ዳክዬ ደግሞ በፍጥነት ነው የምትከብደው፣ በየሳምንቱ የሚጨምረውን ክብደት ያልጠነከረ እግር እስከ መቼ ይችላል?

ከፋርማሲ ናያሲን ወይም ኒኮቲናማይድ ጠይቂ፣ ቀስ ብሎ የሚሟሟውን ዓይነት ሳይሆን ተራውን። ከ100 እስከ 150 ሚሊግራም ፈጭተሽ በ4 ሊትር ውሃ። ሌላ ውሃ አታስቀምጪላት፣ በየቀኑ ቀይሪው። ለብቻው ካጣሽ ቢ ኮምፕሌክስ (የቢ ቫይታሚኖች ድብልቅ) ግዥ፣ ከጀርባው የናያሲኑን መጠን አንብበሽ አስይ። በአፏ በሲሪንጅ አታንቆርቁሪ፣ ወደ ሳንባዋ ይገባል።

ሜሪላንድ ነኝ፣ 6 ዳክዬ አለኝ፦
የኔ እህት፣ የዛሬ 2 ዓመት የኔም ልክ እንደዚህ ሆና ነበር፣ ሳነብሽ ሆዴ ነው የተላወሰው። እዚህ የቢራ እርሾ ዱቄት ይሸጣል፣ ለአንድ ኩባያ መኖ አንድ የሾርባ ማንኪያ ተኩል እየቀላቀልኩ ነው ያሳደግኳቸው። እዚያ ካጣሽው አትጨነቂ፣ ዋናው ናያሲኑ ነው። ግን በሞቴ የዳቦ እርሾ እንዳትሰጫት! እሱ ሕያው ነው፣ ሆዷ ውስጥ ይቦካል። የጠላ አተላም አይሆንም፣ ትንሽም ቢሆን አልኮል አለው። ይልቅ ጨው የሌለው የተቀቀለ ጉበት አድቅቀሽ ስጫት፣ አተርም ቀቅለሽ ጨፍልቂላት፣ ሁለቱም ናያሲን አላቸው።

ሌላው ሴራሚኩ ነው። ለደካማ እግር ከሴራሚክ የከፋ የለም፣ እግሯ ወደ ጎን እየሸሸ ይቀራል። አሮጌ ምንጣፍ ወይም የጎማ ንጣፍ አንጥፊ። ፎጣ ጠቅልለሽ እንደ ቀለበት አድርገሽ መሃሉ አስቀምጫት፣ በደረቷ ላይ ብቻ ተኝታ ላባዋ እንዳይቆሽሽና እንዳይቆስል። በቀን ሁለት ጊዜ ለብ ባለ ውሃ ሳፋ ውስጥ አንሳፍፊያት፣ 10 ደቂቃ ያህል፣ ውሃው ክብደቷን ሲሸከምላት እግሯን ታንቀሳቅሳለች። እጅሽ ከሥሯ አይለይ። ከዚያ በደንብ አድርቂያት፣ ትበርዳለች። ውሃና መኖ ከአፏ ሥር ይሁን፣ መሄድ ያቃታት ዳክዬ በውሃ ጥም ነው የምትሞተው።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፦
ሳፋው ጥሩ ሐሳብ ነው። እኔ የምጨምረው አንድ ነው። ናያሲን ከሆነ በ2 እና 3 ቀን ውስጥ ለውጥ ማየት አለብሽ። ካላየሽ፣ ወይም መብላት ካቆመች፣ ወይም ኩሷ አረንጓዴ ከሆነ፣ አትጠብቂ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ነው ያለው፣ ደውለሽ ራጅ ይነሳላት እንደሆነ ጠይቂ። ብረት ከዋጠች በራጅ ይታያል። ግቢውንም እስከዚያ ጥረጊው።

የጥጤ ቤት፦
ግቢውን ስጠርግ 11 የተጣመሙ ምስማሮችና አንድ እፍኝ ሽቦ ለቀምኩ። ደነገጥኩ። እስካሁን ኩሷ ደህና ነው።

(ከ3 ቀን በኋላ)

የጥጤ ቤት፦
ሁለት ፋርማሲ ዞሬ በሦስተኛው አገኘሁ። በመጀመሪያው ቀን ምንም ለውጥ አልነበረም፣ ሌሊቱን ስነሳ ስተኛ ነው ያደርኩት። በሁለተኛው ቀን ማታ ሳፋው ውስጥ ሳንሳፍፋት ሁለቱንም እግሯን ቀዘፈች። ከዚያ በፊት ግራው ዝም ብሎ ነበር የሚንሳፈፈው። ዛሬ ጠዋት ምንጣፉ ላይ ቆማ አገኘኋት! እግሯ ይንቀጠቀጣል፣ 5 ወይም 6 እርምጃ ሄዳ ትቀመጣለች፣ ግን በክንፏ አትደገፍም። ጉበቱን ከልጄ ጣት ላይ እየነጠቀች ነው የምትበላው። እግሯ አሁንም ቀስት ነው። ይሄ ይስተካከላል? ቫይታሚኑንስ እስከ መቼ ልስጣት?

የእንስሳት ሐኪም ነኝ፦
እልል! እውነቱን ልንገርሽ፣ አጥንቱ ከመጣመሙ በፊት የተያዘ ሙሉ በሙሉ ይድናል፣ ከቀሰተ በኋላ ግን የተወሰነው ሊቀር ይችላል። ያም ቢሆን እየሄደች ትኖራለች። የምትጠጣው ውሃ ውስጥ የምትጨምሪውን ናያሲን አሁን አታቁሚ፣ በደንብ መሄድ እስክትጀምር ቀጥይ። ከዚያም ብታድግ መኖዋ የዶሮ እስከሆነ ድረስ ናያሲኑን እየጨመርሽ ነው የምትሄጂው።

ሜሪላንድ ነኝ፣ 6 ዳክዬ አለኝ፦
የኔዋ ግራ እግሯ ትንሽ እንደተወላገደ ቀርቷል፣ አሁን 2 ዓመቷ ነው፣ እንቁላል ትጥላለች፣ ከሁሉም ቀድማ ውሃ ውስጥ የምትገባውም እሷ ናት። ልጅሽን እንኳን ደስ አለህ በይልኝ፣ ቶሎ ቶሎ እንደምትቀመጥ ያስተዋለው እሱ ነው። በቆሎውን ግን እንዳትመልሺው፣ እሺ?

የጥጤ ቤት፦
እሺ፣ ዛሬውኑ ለጎረቤት ዶሮዎች ሰጠሁት።