ጎንደርን በጥምቀት ሳይሆን በሚያዝያ መጥታችሁ እዩዋት

ሰላም ለሁላችሁ። ጠቅልዬ ጎንደር ልግባ ወይስ ይቅርብኝ ብላ ለጠየቀችው እህታችን ነው የምጽፈው። እኔ 9 አመት ስዊድን ኖሬ ተመልሼ እዚሁ ጎንደር ማራኪ የሚባል ሰፈር ቤት ተከራይቼ ነው ያለሁት፣ ያየሁትን እነግርሻለሁ።

እህትዓለም፣ እኛ ውጪ ያለነው ጎንደርን የምናያት በጥምቀት ነው። የፋሲል ጥምቀተ ባህር ሞልቶ፣ ፒያሳ በሰው ተጨናንቆ፣ ዘመድ እየተሻማ ሲጋብዝሽ የማይወድ ማን አለ? እኔም በጥምቀት መጥቼ ነው ልቤ እዚህ የቀረው። ሚያዝያ ሲገባ ግን ውሃው ጠፋ። አከራዬ በሳምንት ሁለቴ ይመጣል ብሎኝ ነበር፣ ሶስት ሳምንት ሙሉ ጠብ ሳይል የቀረበት ጊዜ አለ። አንገረብ ግድብን ደለል እየሞላው፣ ከተማዋ ደግሞ እየሰፋች ከየት ይምጣ? ሌሊት 9 ሰአት ላይ አየሩ ከቧንቧው ሲወጣ ያፏጫል፣ ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ ተነስቶ "መጣች! መጣች!" እየተባባለ ጄሪካንና በርሜል ሲጎትት ትሰሚያለሽ፣ እኔ አሁን ያን ፉጨት በእንቅልፍ ልቤም አውቀዋለሁ። ስለዚህ ቤት ስታዪ ሳሎኑን ተይውና ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጠይቂ፣ ከ2000 በታች ከሆነ እለፊው። ደግሞ ጎረቤት ጠይቂ፣ አከራይ ብቻ አትመኚ።

እኔን እዚህ ያቆየኝ ዩኒቨርሲቲው ነው ማለት እችላለሁ። እዚሁ ጎንደር አጠገብ ደምቢያ ላይ ወባ ያን ያህል ህዝብ ከጨረሰ በኋላ በ1947 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው የተከፈተው፣ ዛሬ በዚህች ከተማ ይሄ ሁሉ ሀኪም የሚገኘው ከዚያ የተነሳ ነው። አምና እናቴ ማምሻውን ግፊቷ ሲነሳባት በባጃጅ ይዣት ሄጄ ሩብ ሰአት ሳይሞላ ሀኪም አይቷታል፣ ስዊድን እኮ ለቀጠሮ ስንት ሳምንት ጠብቄ አውቃለሁ። መድሃኒት ግን አንዳንዴ ስለሚጠፋ የስድስት ወር የራስሽን ይዘሽ ነይ። ተማሪ ያለበት ሰፈር ደግሞ ደስ ይላል፣ ሽሮ ቤቱ፣ ጁስ ቤቱ፣ ፎቶኮፒ ቤቱ እስኪመሽ ክፍት ነው፣ ማታ ልጆቹ ሃንዳውት ይዘው እያነበቡ ሲያልፉ ሳይ እድሜዬ የቀነሰ ይመስለኛል።

የጸጥታውን ነገር ሳልነግርሽ ባልፍ ግን ይቆጨኛል። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ከከተማ መውጣት ቀላል አይደለም፣ ደባርቅም ሆነ ባህር ዳር በመኪና ከመሄድሽ በፊት ሰው ትጠይቂያለሽ፣ አቅም ያለው አዘዞ ወርዶ በአውሮፕላን ነው የሚሄደው። የሞባይል ኢንተርኔትም ለወራት ተዘግቶ ነበርና ስራሽ በኦንላይን ከሆነ ደጋግመሽ አስቢበት።

ስለዚህ ቤትሽን ሸጠሽ አትምጪ። ሚያዝያ ላይ ነይና አንድ ወር ተከራይተሽ ሞክሪው፣ ቤት ፍለጋውን አብሬሽ እዞራለሁ፣ ሮቶውንም እኔው ወጥቼ አይልሻለሁ።