ለእድራችን አዳራሽ የቱ ይገዛ? ሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ ወይስ አራት ትንንሽ ስፒከር?

የመወያያው ጥያቄ፣ ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላትና ወዳጆች፤ እንደምታውቁት አዲሱ አዳራሻችን ጣሪያው ተመትቶ፣ ወለሉም ሴራሚክ ለብሶ አልቋል፤ የቀረን የድምፅ መሣሪያ ብቻ ነው። ኮሚቴው በእጁ ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው ባለ 15 ኢንች ሁለት ሞንታርቦና አንድ ባለ 18 ኢንች የቤዝ ሳጥን ነው። ሁለተኛው ደግሞ በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ባለ 8 ኢንች አራት ስፒከሮች ናቸው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። አዳራሹ ስብሰባ፣ ሠርግ፣ መንዙማና ለቅሶ የሚስተናገድበት ስለሆነ፣ ገንዘቡም ከሁላችን ኪስ የወጣ መዋጮ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ሰው ሐሳቡን ከነምክንያቱ እንዲያቀርብ እንጠይቃለን።

ከኮምቦልቻ

እኔ ለመጀመሪያው አማራጭ እሟገታለሁ። በኮምቦልቻና በአካባቢዋ ለሠርግ የድምፅ መሣሪያ ሳከራይ ዓመታት አስቆጥሬአለሁ፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤዙ በዛ ብሎ የተቆጣኝ ደንበኛ አላጋጠመኝም፤ አነሰ ብሎ የተቆጣኝ ግን ብዙ ነው። ሰው ደረቱ ድረስ ያልዘለቀውን ጭፈራ እንደ ጭፈራ አይቆጥረውም። መንዙማውንም አስቡት፤ ድቤው ሲመታ ከታች የሚነሣው ግርማ ነው ሰውን ከመቀመጫው የሚያነቃንቀው። ባለ 8 ኢንች ስፒከር ድቤን ጣሳ ያደርገዋል። አንድ ጊዜ ገዝተን ዕድሜ ልክ ከምንቆጭ ትልቁን እንግዛ።

ከሆጤ፣ ደሴ

የኮምቦልቻው ወንድማችን ስለ ድቤ ያነሡት እውነት ነው። የምለያቸው በዳስ ያካበቱትን ልምድ እንዳለ ወደ አዳራሽ በማስገባታቸው ነው። ሜዳ ላይ የወጣ ድምፅ ሄዶ አይመለስም፤ ቤዙም የሚመልሰው ግድግዳ አጥቶ ስለሚበተን እዚያ ትልቅ ሳጥን መደርደሩ ተገቢ ነው። የእኛ አዳራሽ ግን ርዝመቱ 15 ሜትር ያህል፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ አንድ ጎኑ በሙሉ መስታወት ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ከመድረኩ የተነሣው ቃል ከኋላው ግድግዳ ነጥሮ እስኪመለስ ድረስ አንድ ዐሥረኛ ሴኮንድ ገደማ ይፈጃል፤ በዚያች ቅጽበት ተናጋሪው ወደሚቀጥለው ፊደል ተሻግሯል። ከዚያ በኋላ የምንሰማው አሮጌውን ቃል በአዲሱ ላይ የተደረበ አድርገን ነው።

ይህ ለአማርኛ ቀላል ጉዳት አይደለም። «መጣ» እና «መታ» የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው፤ እንዲህ ያሉትን ተነባቢዎች ለይተን እንድንሰማ የሚረዳን ደግሞ በአብዛኛው ከ1,000 እስከ 4,000 ሄርዝ (የድምፅ ቅጥነትና ውፍረት መለኪያ) ያለው ክልል እንጂ ቤዙ አይደለም። ባለፈው ክረምት በአንድ የኪራይ አዳራሽ ስብሰባ ተቀምጠን፣ ከመድረኩ ግራና ቀኝ ሁለት ግዙፍ ሳጥኖች ቆመው፣ ሰብሳቢው የመዋጮውን መጠን ሲናገሩ ከአጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ነጠላቸውን ከጆሯቸው ገለጥ አድርገው «ልጄ፣ ሦስት መቶ ነው ያሉት ስድስት መቶ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም አልለየሁትም ነበር። ድምፁ አላነሰም፤ መስኮቱን ያንቀጠቅጥ ነበር። የጠፋው ቃሉ ነው። እድር ማለት ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚነገር ቃል የሚሰማበት ቦታ ነው።

ስለ ሙዚቃውም ቢሆን ትዝታን፣ ባቲንና አምባሰልን ባፈራ አገር ተቀምጠን የድምፅን ጥራት በቤዝ ብቻ መለካታችን ያሳዝነኛል። እናቴ ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ኮርኒሱ አቡጀዴ፣ ወለሉም ምንጣፍ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ያለው አሮጌ ቴፕ የአምባሰል ዜማ ሲያሰማ ጭራው በጭራ ላይ ሲፋቅ፣ ማሲንቆ መቺውም ደጋኑን ሊመልስ አንዲት ትንፋሽ ሲያህል ሲገታ ይለያል። ይህንኑ ካሴት ወንድሜ አዲስ ባሠራው፣ ሴራሚክ በለበሰው ሳሎን ውስጥ በሦስት እጥፍ በሚበልጥ ዋጋ በተገዛ መሣሪያ ስንሰማው ማሲንቆው ከሩቅ ጓዳ የሚመጣ ይመስላል። ካሴቱ አንድ ነው፤ የተለየው ቤቱ ነው። ስለዚህ ከስፒከሩ ገንዘብ ላይ ቀንሰን ለመስታወቱ ወፍራም መጋረጃ፣ ለኋላው ግድግዳም ድምፅ የሚውጥ ልብስ ብናሠራ ከየትኛውም ሳጥን የበለጠ ይጠቅመናል። አራቱ ትንንሾች በጎንና በጎን ከተሰቀሉ እያንዳንዱ ሰው በቅርቡ ካለው ስለሚሰማ ድምፁን ማስጮኽ አያስፈልግም፤ ያልጮኸ ድምፅ ደግሞ ብዙ አይነጥርም።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ዋትም አያታልለን። የአምፕሊፋየርን ኃይል ከ500 ዋት ወደ 1,000 ማሳደግ የሚጨምረው 3 ዲሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ብቻ ነው፤ ጆሯችን ድምፁ እጥፍ ሆነ ብሎ እንዲቀበል ግን ወደ 10 ዲሲቤል ያህል፣ ማለትም ዐሥር እጥፍ ኃይል ይፈልጋል። እኔ መሣሪያ እጠግናለሁ። 1,000 ዋት የሚል የተለጠፈበት ሳጥን ከፍቼ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ የምታህል ማግኔት፣ ከላይ ደግሞ ትዊተር፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሽ ስፒከር፣ መስሎ የተለጠፈ፣ ሽቦ እንኳን ያልደረሰው ፕላስቲክ አግኝቻለሁ። ባለቤቱ ግን ለዓመታት «ጥርት ያለ ነው» እያሉ ሰምተውበታል፤ ያታለላቸው ጆሯቸው ሳይሆን ዓይናቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን ከራሴ አላመጣሁትም። ሾን ኦሊቭ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1994 ባቀረቡት ሥራ ተመሳሳይ አድማጮች ስፒከሮችን አንድ ጊዜ እያዩ፣ ሌላ ጊዜ ስፒከሮቹ በመጋረጃ ተጋርደው ሳያዩአቸው እንዲመዝኑ አድርገው ነበር። በዓይን ሲታዩ ትልልቆቹና ውዶቹ ያገኙት ብልጫ መጋረጃው ሲጋረድ ቀነሰ። ከእርሳቸው በፊት በካናዳ ፍሎይድ ቱል ባካሄዷቸው ሙከራዎችም ሰዎች ሳያዩ ሲሰሙ ምርጫቸው ከሚጠበቀው በላይ እየተቀራረበ፣ ቤዙንም ሆነ ስሱን ሳያጋንን እኩል ወደሚያወጣው ስፒከር እንደሚያደላ ታይቷል።

ከሙጋድ፣ ደሴ

እኔ ሙዚቃ የምሰማው በጆሮ ማዳመጫ ነው፤ ግድግዳ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ ክራሩ ራሴ ውስጥ ነው የሚመታው። የእኔን ምርጫ ለአዳራሹ አላቀርብም። የምጨነቀው ለሕፃናቱ ጆሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 80 ዲሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ሊደመጥ ይችላል፤ 90 ዲሲቤል ከሆነ ግን ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። በሠርግ ቀን ልጆቻችን የሚጫወቱት እዚያው ሳጥኑ ሥር ነው። በዚህ ምክንያት ከፍ ብለው የሚሰቀሉትን እመርጣለሁ።

ከኮምቦልቻ

የሆጤው ወንድሜ፣ ስለ ማስተጋባቱ ያሉትን ተቀብያለሁ፤ የእህታችንም ሐሳብ ልቤን ነክቶታል። ሆኖም አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ባለ 8 ኢንች ስፒከር ድቤ ውጣ ተብሎ በኃይል ሲገፋ ኮይሉ፣ ማለትም የውስጡ የሽቦ ጥቅል፣ እንደሚቃጠል ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። ሠርግ በመጣ ቁጥር ሊጠግኑልን ነው?

ከሆጤ፣ ደሴ

ጥያቄዎ ትክክለኛ ነው፤ በዚህ ነጥብ አቋሜን አሻሽላለሁ። አራቱ ይሰቀሉ፤ አንድ ባለ 12 ኢንች የቤዝ ሳጥን ደግሞ ለብቻው ይጨመርና ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን እርሱ ይሸከም፤ ያኔ ትንንሾቹ ከዚያ ድካም ያርፋሉ። ለስብሰባና ለለቅሶ ሳጥኑ ይጠፋል፤ የማይኩም ዝቅተኛ ድምፅ ሚክሰሩ ላይ ባለው ቁልፍ ይቆረጣል። ለመንዙማና ለሠርግ ይበራል። እኅቴ ያነሡትም አይረሳ፤ የቤዙ ሳጥን ከመድረኩ ሥር፣ ልጆች በማይደርሱበት ይቀመጥ።

ከመግዛታችን በፊት ግን ሁለቱንም በውሰት አምጥተን በራሳችን አዳራሽ እንስማቸው። እርስዎ ሞንታርቦዎቹን ይዘው በሐረጎ ይውጡልኝ፤ እኔ ትንንሾቹን ከአንድ ደንበኛዬ እዋሳለሁ። የሁለቱን ከፍታ በመለኪያ እኩል እናደርጋለን፤ ምክንያቱም በጥቂቱ እንኳ ከፍ ያለው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል። አዳራሹ ባዶ ሆኖ እንዳናዝንበት ሰው በብዛት ይምጣ፤ የሰው አካልና ልብስ ድምፅ ይውጣል። በመጀመሪያ ጸሐፊያችን የአባላትን ስምና የብር መጠን ያንብቡ፤ ከኋላ የተቀመጡት የሰሙትን በወረቀት ይጻፉ። ቀጥሎ ድቤ፣ በመጨረሻም ማሲንቆ ይሰማ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ከሚያጫውተው ሰው በቀር ማንም አያውቅም። የሚቀጥለው እሑድ ከቡና በኋላ ለእኔ ይመቸኛል፤ ሳጥኖቹን የምንጋርድበትን መጋረጃ እኔ አመጣለሁ።